የቁራኛው መንደር

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ። ተረት ልነግራችሁ ነው። የነቃ ነቅቶ ይስማ፣ የደከመውም እያንቀላፋ ይስማ፣ አልቆጣም። ፈጣሪ የእኔን ምላስ ያቅና፣ የእናንተን ጆሮ ይክፈት።

በዚያ በድሮው ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት፣ ጎተራና ገመድም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ጊዜ፣ ከትልቅ አለት ሥር አንድ መንደር ነበረ። የመንደሩ ሰዎች እንስሳት ናቸው። አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ያጭዳሉ። አዝመራው ሲወቃ እያንዳንዱ ከድርሻው ቀንሶ ለመንደሩ ጎተራ ያስገባል። ከዚያ ጎተራ ባሏ የሞተባት ትበላለች፣ የታመመ ይበላል፣ ክረምት ሲከብድ ደግሞ ሁሉም ይበላል። የመንደሩ ግብር ይኸው ነው።

ጭቃ ሹማቸው አባ ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሽማግሌ በሬ ነው። አባ ቦራ ጉቦ አይበላም፣ ፍርድም አያጣምም። አንድ ድካም ብቻ አለበት፤ ጩኸት ይፈራል። ሕዝቡ ከጮኸ ያሰበው ይጠፋዋል።

በመንደሩ እመት በጊት የምትባል በግ ነበረች። እግዜር መንታ ግልገል ሰጣት። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡሬ። አንድ ከሰዓት በኋላ አያ ጅቦ ወንዙን ተሻገረና ነጩን ግልገል አንጠልጥሎ ሄደ። እመት በጊት ስትደርስ ሣሩ ላይ ትንሽ ሱፍ ብቻ አገኘች።

እንግዲህ የእናት ለቅሶ ታውቃላችሁ። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ኮርማው ሮጠ፣ ውሻው ሮጠ፣ አህያው እንኳ ሮጠ። አያ ጅቦን ከዋሻው ጎትተው አመጡት።

የመንደሩ ሕግ እንዲህ ነበረ። ጥፋተኛ ዛፍ ላይ አይታሰርም፤ ዛፍ «ኧረ አመለጠ!» ብሎ አይጮህማ። ጥፋተኛ ከጠባቂው ጋር፣ እግር ለእግር፣ በአንድ ገመድ ይታሰራል። ይህ ቁራኛ ይባላል። ጠባቂው ከእርሻ ሥራ ነፃ ነው። እስረኛውም ጠባቂውም ከጎተራው ይበላሉ።

አባ ቦራ ገመዱን ጠርቶ፣ «ትችለዋለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ የተገመድኩት ከሦስት ቀጫጭን ገመዶች ነው» አለ ገመዱ። «ሦስታችን እንደ ተገመድን ከቆየን፣ እንኳን ጅብ አንበሳም አይበጥሰን።»

ጎተራዋን ደግሞ ጠየቃት። ጎተራዋን እማማ ጎተራ ነው የሚሏት፤ ሆደ ሰፊ፣ አሮጊት ናት።

«ለዚህማ እሰጣለሁ» አለች እማማ ጎተራ። «ግልገል የበላን ለመጠበቅ ካልሰጠሁ ለምን ሊሆነኝ ነው እህሉ?»

አያ ጅቦ ከኮርማው ጋር ታሰረ። የሚገባው ነበር። መንደሩም ጥሩ አደረ፣ ጥሩ ዋለ።

እመት በጊት ግን አላረፈችም። ጅቡ ታስሯል፣ ፍርሃቷ አልታሰረም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትነሳለች። ቡሬው ግልገል ሁለት እርምጃ ከራቀ ትጠራዋለች። «ይህ ከሄደ እኔም አልኖርም» ትላለች። በሆዷም ቂም አለ። ቂሟ በእመት ሽኮኮ ላይ ነው።

እመት ሽኮኮ አለቱ ላይ ነው የምትኖረው። ጠዋት ከጫፉ ላይ ትወጣለች፣ ወንዙን ማዶ ለማዶ ታያለች፣ ጅብ ብቅ ካለ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ትጮሃለች። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይከፍላትም። ተፈጥሮዋ ነው። ነጩ ግልገል የተወሰደ ዕለት ግን «ጅብ መጣ» ስትል ማንም አልሰማም። እመት በጊት ይህን አልረሳችም።

ጥር ላይ ሁለት ልጆቿን እያጠባች የከሳችው እመት ሽኮኮ ከአለቱ ወረደችና አውድማው ዳር የወደቀ ሦስት ራስ ማሽላ ለቅማ ስትሄድ ተያዘች። መንደሩ ከሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር አቆሟት።

«ወሰድሽ?» አላት አባ ቦራ።

«ወሰድኩ።»

«ለምን?»

«ጡቴ ደረቀብኝ። መሬት ላይ የወደቀ ነው፣ ወፍ ከሚለቅመው ልጆቼ ይብሉት ብዬ።»

አባ ቦራ ራሱን ነቀነቀ። «የቆየው ሕጋችን ሦስት ራስ ለወሰደ ሦስት ቀን አውድማ መጥረግ ነው። እንግዲህ...»

«አውድማ መጥረግ!» አለች እመት በጊት ዘላ ተነስታ። «ዛሬ ማሽላ ነው፣ ነገ ግልገል ነው! ሌባ ሌባ ነው! መጥረግ የኔን ልጅ ይመልስልኛል?»

«ትታሰር!» አለ አንዱ።

«ትታሰር! ትታሰር!» አሉ ሁሉም።

ገመዱ ከጅቡ እግር ላይ ሆኖ ጮኸ። «በምን ልታስሯት? እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ!»

«ከሦስት አንዱን እንፈታለን» አሉት። «ለሽኮኮ ቀጭን ይበቃል።»

«ተው አባ ቦራ! ለሽኮኮዋ ስትፈታኝ ለጅቡ እየቀጠንኩ ነው።»

እማማ ጎተራም ተናገረች። «ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሆዴ ግን ይቆጥራል። ሦስት ራስ ማሽላ አንድ ጣሳ አይሞላም። ብታስሯት እሷ በቀን አንድ ጣሳ ትበላለች፣ ጠባቂዋ ሁለት ጣሳ ይበላል። የጠፋው ሦስት ራስ፣ ለመጠበቂያው በየቀኑ ሦስት ጣሳ! ደግሞስ እሷ ከወረደች አለቱ ላይ ማን ይጮሃል?»

«ጅቡ ታስሮ የለ!» አለ አህያው። «ጩኸቷን ምን እናደርገዋለን? እንዲያውም ጆሯችን ይረፍ!»

ሁሉም ሳቁ። ከጆሮ ሁሉ ትልቁን የያዘው እሱ ነዋ።

አባ ቦራ የሚለው ጠፋው። ገመዱ ተፈታ። እመት ሽኮኮ ከአህያው ጋር ታሰረች። አህያው ደስታውን አልቻለውም። «ጭነት ከመሸከም ሽኮኮ መጠበቅ! እኔ ድሮም ለሹመት የተፈጠርኩ ነኝ» እያለ በየደጁ አወራ።

ጥቂት ቆይቶ እመት ጦጢት አንድ የበቆሎ እሸት ስትቆርጥ ተያዘች። አሁንም እመት በጊት ተነሳች፣ አሁንም ሕዝቡ ጮኸ። ገመዱ፣ «ኧረ አንድ ብቻዬን ጅብ ላይ ልትተዉኝ ነው?» አለ። እማማ ጎተራ፣ «ኧረ ወገቤ ላይ ደርሷል!» አለች። ማን ሰማ? ሁለተኛውን ቀጭን ፈቱ። ጦጢትን ከውሻው ጋር አሰሯት። መንደሩን ሲዞር የሚውለው ውሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦጣ አጠገብ ተኝቶ ዋለ።

ከዚያማ እንደ ልማድ ሆነ። ድመቷ ወተት ላሰች፣ ትታሰር ተባለ። ገመድ አልቋል፤ ቃጫ እንዳይፍቁ ቃጫ የሚፍቁት ራሳቸው ጠባቂ ሆነዋል። ከዛፍ ልጥ ልጠው አሰሯት። ጠባቂም እያለቀ ነው፤ ዶሮዋን ሰጧት።

ዶሮዋ እየተንቀጠቀጠች አባ ቦራ ዘንድ ሄደች፤ ድመቷም ታስራለችና አብራ ሄደች።

«አባ ቦራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ነኝ እሷን የምጠብቃት፣ ወይስ እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ?»

«ኧረ ተይ እመት ዶሮ፣ አብረን እኮ ነን» አለች ድመቷ እየላሰቻት።

ፍየሉ አጥር ዘለለ፤ ታሰረ። ዝይዋ ተሳደበች፤ ታሰረች። ለእያንዳንዱ እስረኛ አንድ ጠባቂ፣ ለሁለቱም ቀለብ። ሰኔ ደረሰ። አባ ቦራ «እስቲ ለእርሻ ውጡ» ብሎ ጥሩንባ አስነፋ። ቆሞ ጠበቀ። የወጣው ግማሹ እንኳ አይሆንም። «ሌሎቹስ?» ቢል፣ «ታስረዋል» አሉት። «ያልታሰሩትስ?» ቢል፣ «የታሰሩትን ይጠብቃሉ» አሉት። ግማሹ ማሳ ሳይታረስ ዝናብ ጣለበት።

እስረኞቹ የሚውሉበት ግቢ ከአለቱ ጀርባ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ሥራ የለም፣ ወሬ ብቻ ነው። አያ ጅቦ መሃል ላይ ተጋድሞ አዲስ የገባውን ሁሉ ይጠይቃል።

«አንቺስ ምን ሠርተሽ ነው?»

«ሦስት ራስ ማሽላ» አለች እመት ሽኮኮ አንገቷን ደፍታ።

«ሦስት ራስ! እምጵ! አታፍሪም? ለሦስት ራስ ይህን ያህል ከምትታሰሪ ጎተራውን ሙሉ ብትወስጂ ምን ነበረበት?»

«የጎተራው በር እኮ ይዘጋል» አለች ጦጢት።

«በር!» አለ ጅቡ እየሳቀ። «ጎተራ በበሩ አይገባም፣ ጦጢትዬ። በሥሩ ነው። ዝናብ ሲጠግብ የታችኛው ጭቃ ይለሰልሳል፤ ቧጨር ቧጨር ማድረግ ነው።»

እመት ሽኮኮ ፊቷን አዞረች። ሁለት ልጆቿ ግን በየቀኑ እናታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። የሚያበላቸው የለም፣ የሚቆጣቸው የለም። እናታቸው ጉያ ሥር ተወሽቀው ጅቡ ያለውን ሁሉ ሰሙ።

ሐምሌ ሲገባ እማማ ጎተራ ጮኸች። «ኧረ ከሥሬ ተቦረቦርኩ! ኧረ ሆዴ ፈሰሰ!»

ሄደው ቢያዩ፣ ሁለቱ የሽኮኮ ልጆች ጉንጫቸው በእህል ተነፍቶ፣ አፋቸው ጭቃ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ተገኙ።

«አላልኳችሁም!» አለች እመት በጊት። «ዘራቸው ነው! ይታሰሩ!»

«በምን?» አለ አባ ቦራ። በጣም ደክሞታል። «ገመድ የለም፣ ጠባቂ የለም።»

«ከእናታቸው ገመድ ላይ ይጨመሩ!»

አህያው ዐይኑን አፈጠጠ። ሹመቱ ከሰለቸው ቆይቷል፤ ቀለቡ በግማሽ ተቀንሷል፣ ጎኑም ገብቷል። «ሦስት ለአንድ አህያ? እኔ በቃኝ! ጭነቴን መልሱልኝ! ጭነትስ ሲደርስ ያራግፉታል።» እዚያው ገመዱን ከእግሩ ፈቶ ጣለው።

ገመዱ መሬት ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም። እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለች እመት በጊት።

«ግልገልሽስ?» አላት አባ ቦራ።

«ግልገሌማ አሁን ምን ይሆናል? ሌባው ሁሉ ታስሯል። ከማን እጠብቀዋለሁ?»

እንዲህ አለችና እግሯን ዘርግታ ገመዱን አሰረች። ለካ ራሷን ማሰሯ ነው። ቡሬው ግልገል «እምቤ» እያለ ትንሽ ተከተላት፤ ኋላ ከሾላው ዛፍ ሥር ወዳለው ሣር ሄደ።

አንድ ቀን ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። እመት በጊት ቡሬው የት እንደ ተጠለለ አታይም። ጭንቀቷን ወደ ቁጣ አዞረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያን ዕለት ለምን አልጮኽሽም? ለወሬው ሁሉ ትጮኺ የለ? ለኔ ልጅ ሲሆን ምነው?»

እመት ሽኮኮ ልጆቿን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«ጮኼ ነበር እኮ» አለች። «ያን ዕለት ምጥ ላይ ነበርኩ። እነዚህን ስወልድ ነው። ከዋሻዬ ሆኜ ጅቡ ሲያልፍ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ስጮህ የዋልኩ ነኝና፣ ያን ጊዜ ስጮህ ሁሉም ‹ምጧ ጠናባት› አሉ። ማን ይለየው?»

እመት በጊት ወደ ሜዳው ዞረች። ዝናቡን አየች። ከዚያ ሱፏን ዘርጋ አድርጋ ቆመች፤ ሁለቱ ልጆች ከሥሯ ገብተው ከዝናቡ ተጠለሉ። ይቅርታ አላለችም፤ አልወጣላትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉም ወረደ። ሐምሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጉም ከሜዳው ላይ ሲተኛ ከአፍንጫ ፊት ያለው አይታይም፣ የአለቱ ጫፍ ብቻ ከላይ ወጥቶ በፀሐይ ይበራል።

ኮርማው ቀለቡ ከተቀነሰ ወር ሆኖታል። እግሩ ይንቀጠቀጣል። ጉሙ ቀዝቀዝ ሲያደርገው እንቅልፍ ወሰደው። አያ ጅቦ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። እግሩን ሳብ አደረገ።

«ኮርማ!» አለ ገመዱ። «ኮርማ ተነስ! አንድ ብቻዬን ነኝ!»

ኮርማው አንኮራፋ። ጅቡ ደግሞ ሳብ አደረገ።

«ኧረ ኮርማ! ልበጠስ ነው!»

በሦስተኛው ተበጠሰ። አያ ጅቦ ኮርማውን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ ከሜዳው አንድ ድምፅ ተሰማ። «እምቤ!» የሚል ነው። እመት በጊት ታውቀዋለች። ሲርበው የሚለው እምቤ አይደለም።

ብድግ ብላ ሮጠች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ገመዱ ጠልፎ በአፍጢሟ ደፋት። ተነሳች፣ ደግሞ ወደቀች። «ልጄን! ልጄን! ፍቱኝ! ኧረ ማን ይፍታኝ!» እያለች እግሯን ጎተተች። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ አጥብቃ ነው ያሰረችው።

እመት ሽኮኮ ጎንበስ አለችና ገመዱን በጥርሷ ያዘችው። ቀርጨጭ ቀርጨጭ አደረገችና በጠሰችው።

እመት በጊት አፏን ከፈተች። «ይህን ያህል ስለት ነበረሽ? ታዲያ እስከ ዛሬ...»

«ታስረሽ ቆዪ አላችሁኝ፣ ቆየሁ። አሁን ዝም በይና ጆሮሽን ስጪኝ!»

ይህን ብላ አለቱን ሽቅብ ወጣች። ልጆቿም ተከትለዋት ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከሥራቸው እንደ ነጭ ጋቢ ተዘርግቷል። ከጉሙ ላይ ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ይንቀሳቀሳሉ።

እመት ሽኮኮ ጮኸች። ከጥር ጀምሮ ያልተሰማ ጩኸት ነው። መንደሩ በሙሉ ደነገጠ።

«ጅብ! ጅብ ተፈታ! ወደ ሾላው ነው! እመት በጊት፣ በስተቀኝ! ግልገሉ ከሾላው ሥር ነው! ውሻ፣ አንተ በወንዙ ዙር!»

ውሻው ሊሮጥ ሲል ጦጢት እግሩ ላይ እንደ ታሰረች ናት። «ምን ታያለህ፣ ላዝልህ?» አለችና ራሷ ጀርባው ላይ ዘለለች። ጦጣ የተሳፈረበት ውሻ እየጮኸ ወጣ። አህያው ጭነቱን ጥሎ ሮጠ። ኮርማው ባነነ፤ የተበጠሰውን ገመድ ሲያይ ያፈረውን ያህል በዕድሜው አፍሮ አያውቅም። ዶሮዋና ድመቷም አንድ ላይ ሮጡ፤ ማን ማንን እንደሚጎትት ግን አልታወቀም።

«ጅቡ ግልገሉን ያዘው! ግራ፣ እመት በጊት! አሁን ፊት ለፊትሽ ነው!»

እመት በጊት ሳታይ ሮጠች። በዚያ ድምፅ ብቻ ሮጠች። ከጉሙ ውስጥ የጅቡ ጀርባ ድንገት ፊቷ ላይ ደረሰ። ራሷን ዝቅ አድርጋ በግንባሯ መታችው። በግ ጅብ ሲመታ ማን አይቷል? ጅቡም አይቶ አያውቅም፤ ከድንጋጤው አፉን ከፈተ። ግልገሉ ወደቀ። ወዲያው ውሻው ደረሰ፣ አህያው በእርግጫ ደረሰ፣ ኮርማው በቀንዱ ደረሰ፤ ጅቡን ከበው ያዙት።

ቡሬው ግልገል ተረፈ። የላቱ ግማሽ ግን ጅቡ አፍ ውስጥ ቀረ። ቁስሉ ዳነ፤ ላቱ አልበቀለም።

ጉሙ ሲገፈፍ ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አባ ቦራ መሃል ቆመ። ይጮሃሉ ብሎ ጠበቀ፤ ማንም አልጮኸም።

«ገመዱን አምጡ» አለ። «ሦስቱን ቀጫጭኖች ፈልጋችሁ መልሳችሁ ግመዱ። አያ ጅቦን እሰሩ። ለጅቡ ሙሉ ገመድ፣ ለኮርማው ሙሉ ቀለብ።»

«ሌሎቹስ?» አሉት።

«ሌሎቹ በቆየው ሕጋችን ያጠፉትን በጉልበታቸው ይክፈሉ። ያልታረሰ ማሳ አለን፣ አረም የበላው ማሳ አለን፣ የተቦረቦረ ጎተራ አለን። ግን ለእያንዳንዱ ዋስ ይቁም። ቢያጠፋ የሚጠየቅ፣ ሲደክም የሚያግዝ ዋስ።»

ውሻው ለጦጢት ዋስ ሆነ። «ወሬዋ ደስ ይላል» አለ። ዶሮዋ ለድመቷ ዋስ ሁኚ ቢሏት፣ «ከሩቅ ሆኜ ከሆነ» አለች። የእመት ሽኮኮ ተራ ደረሰ። እመት በጊት ከኋላ መጣች። ግንባሯ አብጧል።

«ለሷ እኔ ዋስ ነኝ» አለች።

እመት ሽኮኮ ቀና ብላ አየቻት። «እግዜር ይስጥሽ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ስታሰር ልጆቼ መስረቅ አያውቁም ነበር። ያወቁት እኔን ሊያዩ እየመጡ ነው። የኔ ገመድ ተፈታ። ይህን ከልጆቼ ራስ ውስጥ ማን ይፈታልኛል?»

እመት በጊት ሁለቱን ልጆች አየች። እማማ ጎተራ ከተቦረቦረው ሆዷ ተነፈሰች።

ያ ክረምት ከባድ ሆነ። እህሉ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንኳ አልደረሰም። ቅጠል በሉ፣ ሥር ቆፍረው በሉ። ታስሮ የተበላው ተበልቷል፣ ተመልሶ አይመጣም። ግን ሁሉም ማሳ ላይ ስለ ዋሉ፣ የዘገየውም ዘር በቀለ።

ለአረም የወጡበት የመጀመሪያው ቀን ነው። እመት በጊት እንደ ወትሮው ቡሬውን አስከትላ ወጣች። ማሳው ዳር ስትደርስ ቆመች። ሽቅብ አለቱን አየች። ሁለቱ የሽኮኮ ልጆች ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልክ እንደ እናታቸው አንገታቸውን አስረዝመው ወንዙን ማዶ ለማዶ ያያሉ። እሷን ሲያዩ ግን ተደናግጠው ሊሸሸጉ ሆነ። ይታሰሩ ያለችው እሷ ናትና።

«እናንተ ልጆች!» አለቻቸው።

«አቤት» አሉ እየፈሩ።

«ማረም ልገባ ነው። እስክመለስ ይህን ልጅ እዩልኝ።»

ቡሬውን በአፍንጫዋ ወደ አለቱ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ወደ ማሳው ገባች። ቀኑን ሙሉ አረመች። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችም።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ። ወገኖቼ፣ ጅብን እሰሩ፣ በሙሉ ገመድም እሰሩ። ለሦስት ራስ ማሽላ ግን እናትን ከልጆቿ አትለዩ፣ ጠባቂን ከአለቱ አታውርዱ፤ ወጪው ከጎተራችሁ ነው፣ አደጋውም ለልጆቻችሁ ነው። እኔ የሰማሁትን አወራሁ፣ እናንተም ለጎረቤት አውሩ። ጌታ ልጆቻችሁን ይጠብቅ፣ የሚጠብቁላችሁንም አያሳጣችሁ።